ማህተም ያለው ኢሜይል

ሩዋንዳ ሰፈር እየኖረ ጋሽ ገብረየስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤ አሳምሬ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ሠርተናል። እኔ ቲጂ እዚያው ሰፈር ያለ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ሪሴፕሽን ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ «አስተዳደር» ናቸው። የምን አስተዳደር እንደሆነ አይጠየቅም። ቤቱ ያለው አሥራ አንድ ክፍል ነው። አንዱን እሳቸው በፋይል ሞልተውታል፤ ስለዚህ አሥር በሉት።

ጋሽ ገብረየስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ከመዝገብ ቤት ወጡ እንጂ መዝገብ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ሃረገወይን የአክስታቸው ልጅ ናቸው። «ቤት ተቀምጦ ከሚያረጅብኝ እኔ ጋ ይምጣ» ብለው አመጧቸው። ሲመጡ ሁለት የብረት መደርደሪያ አስጭነው፣ «ገቢ» እና «ወጪ» የሚሉ ሁለት ማህተሞች በኪሳቸው ይዘው ነው የመጡት። የቤቱን ክብ ማህተም ደግሞ በሳምንታቸው አስቀረጹ።

እንግዲህ እኛ ቤት ኢሜይል ሲመጣ የሚሆነውን ልንገራችሁ። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ተቃጥዬበታለሁ። ኢሜይሉ በወረቀት ይታተማል። «ገቢ» ይመታበታል። ቁጥር ይሰጠውና ትልቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ሦስት እርምጃ ርቀው ለተቀመጡት ለወይዘሮ ሃረገወይን ይቀርባል። እሳቸው ጥጉ ላይ «ለቲጂ ይመራ» ብለው ይጽፉበታል። ቲጂ ማለት እኔ ነኝ፣ ከጋሽ ገብረየስ ጎን የተቀመጥኩት! ደብተር ላይ ፈርሜ እረከባለሁ። አንዴ ፕሮፌሰር ኦኬሎ የሚባሉ የካምፓላ ደንበኛችን «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ብለው ጻፉ። «ጉዳዩ፦ ሙቅ ውሃን ይመለከታል» የሚለው መልስ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ስካን ተደርጎ ሲላክላቸው፣ ሰውየው መጥተው፣ በሙቅ ውሃው ታጥበው፣ አገራቸው ከገቡ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር።

«ጋሼ፣ እንደው በሞቴ፣ ‹አዎ አለ› ብለን ብንልክ ምን ይለናል?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

«የሙቅ ውሃ ደብዳቤ ማን ሊወርስ ነው ጋሼ?»

«አንቺማ አትወርሺም። ችኩል ነሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይህን ያዢልኝ።»

እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬ የኮምፒዩተር ነው። እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ግን ምን አደርጋለሁ፤ ለሳቸው ዓለም በሁለት የተከፈለች ናት፦ ማህተም ያለው ወረቀትና ማህተም የሌለው ወረቀት። የሌለውን በሁለት ጣታቸው ይይዙታል። ላለው ደግሞ ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አይቀራቸውም።

አሁን ወደ ጉዴ ልግባ። ባለፈው የካቲት ነው፣ የመሪዎች ጉባኤ ሰሞን። በዚያ ሳምንት ቦሌ ውስጥ አልጋ ማግኘት የሎተሪ ያህል ነው፤ እኛም የቤቱን ኪራይ የምንከፍለው ከዚያች ሳምንት ገቢ ነው። አሥሩም ክፍላችን ተይዟል። አሥራ አራት እንግዶች፣ ገሚሱ ሲወጣ ገሚሱ እየገባ፣ ከየአገሩ ሊመጡ ቀን ቆርጠዋል። ሁሉም ክፍል የያዙት የውጭ ሰዎች ማረፊያ በሚያፈላልጉበት አንድ ዌብሳይት በኩል ነው። እዚያ ያለን አካውንት አንድ ነው፣ ፓስዎርዱም አንድ ነው። እሱ ከጠፋ እንግዶቹ ጠፉ ማለት ነው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ገብረየስ ድንገት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሰው የሞተ መሰለኝ።

«ቲጂ! ነይ እዪልኝ እስቲ! ደብዳቤ ማለት ይህ ነው!»

ከዌብሳይቱ ድርጅት መጣ የተባለ ኢሜይል ነው። «ማረፊያችሁ ስላልተረጋገጠ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ የተያዙት ክፍሎችም ይሰረዛሉ፤ ይህን ሊንክ ተጭናችሁ አረጋግጡ» ይላል። እንዲህ ያለውን ማንም ይጽፈዋል። ጋሽ ገብረየስን ያስነሳቸው ግን አብሮ የተያያዘው ደብዳቤ ነበር። አርማ አለው። ቁጥርና ቀን አለው። ፊርማ አለው። ፊርማው ላይ ግማሽ ያህሉ ያረፈ ሰማያዊ ክብ ማህተም አለው። ከሥሩ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል፣ ለሕግ ክፍል፣ ለጥበቃ ክፍል» ይላል።

«ግልባጭ!» አሉ ስክሪኑን በጣታቸው እየነኩ። «ልጄ፣ ግልባጭ እኮ አድርገውበታል! እኔ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው አልቋል ብዬ ነበር።»

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እያደረግሁ ነበር? ጓደኛዬ ሀጀር ለእህቷ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ምረጪልኝ ብላ ሰባት ፎቶ ልካልኛለች። ዓይኔን ከስልኬ አላነሳሁም። ለማሾፍ ብቻ፣

«ማህተም አለው?» አልኳቸው።

«አለው እንጂ!»

«ቁጥርስ?»

«ባለ ስምንት አሃዝ!»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ ጋሼ፣ ሞልተው ይላኩት።»

እንደ ወትሮው ቢሆን ያትሙታል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል፣ ወይዘሮ ሃረገወይን እስኪመሩት ይጠብቃሉ። ያን ቀን ግን ወይዘሮዋ ወደ ባንክ ሄደዋል፤ ደብዳቤው ራስ ላይ ደግሞ በቀይ «አስቸኳይ» ይላል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይነግራችኋል፤ አስቸኳይ የተባለ ደብዳቤ ወረፋ አይጠብቅም። ሊንኩን ተጫኑት። የመጣው ገጽ ቀለሙም አርማውም ቁርጥ የምናውቀው ነው። ፓስዎርዱን በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሚስማር እየመቱ አስገቡ።

ትንሽ ቆይቶ የሪሴፕሽኑ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። ስልኩ ያለው እኔ ጋ ነው።

«ቲጂ፣ ስድስት ቁጥር ይመጣላችኋል ይላል፤ መጥቷል እንዴ?»

«መጥቷል» አልኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት... እስከ ስድስተኛው። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ጽሑፉን ለማንበብ ግን ጊዜ አልነበረኝም፣ ሀጀር ስምንተኛ ቀሚስ ልካለች። አረንጓዴ። አላማረኝም።

ጋሽ ገብረየስ «እናመሰግናለን» ያለውን ገጽ አትመው «ወጪ» መቱበትና ፋይል አደረጉት። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አካውንቱን ልከፍት ስል እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። እምቢ። ሦስተኛውን ስሞክር ስልክ ተደወለ፤ ፕሮፌሰር ኦኬሎ ናቸው።

«እመቤቴ፣ ትናንት ማታ ‹በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ በዚህ ሊንክ ካልከፈሉ ክፍልዎ ይሰረዛል› ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ስድስት ዓመት ስመላለስ ስመጣ ነው የምከፍለው። ምን ነካችሁ?»

እኛ ምንም አልጻፍንም! የሰኞውን ኢሜይል ፈልጌ ከፈትኩት። የላኪው አድራሻ ከፊት የድርጅቱን ስም ይዟል፤ ከጀርባው ግን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስም ተቀጥሎበታል። ሊንኩ የከፈተው ገጽ አድራሻም እንዲሁ። ለማየት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰኞ ያችን ግማሽ ደቂቃ ብሰጣቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

«ዋይ ኣነ!» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን ሲሰሙ፤ ሲደነግጡ ትግርኛው ይቀድማቸዋል። «ሌቦች በእኛ ስም እንግዶቼን ሊዘርፉ? ማነው የሞላው? ማነው ፓስዎርዱን የሰጠው?»

ጋሽ ገብረየስ ተነሥተው ቆሙ። «እኔ ነኝ» አሉ።

እኔስ? እኔ ዝም። ለምን ብትሉኝ፣ ፈራሁ። ገርጂ የተከራየኋትን አንዲት ክፍል አሰብኩ፣ አከራዬንም አሰብኩ።

ድርጅቱ ጋ ደወልን። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙን፤ ከዚያ አንዲት ልጅ «አካውንቱን አግደነዋል፣ እስኪጣራ ግን አርባ ስምንት ሰዓት ይወስዳል» አለችን። የተላኩት መልእክቶች ግን አንዴ ተልከዋል። ሌቦቹ የላኩት ሊንክ እያንዳንዱ እንግዳ ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። እንዳንደውልላቸው የሰዎቹ ስልክ ያለው በታገደው አካውንት ውስጥ ነው። ጭንቅላቴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ገብረየስ ወደ ፋይል ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ሁለት ወፍራም ፋይል ታቅፈዋል። የእያንዳንዱ እንግዳ ማመልከቻ ታትሞ፣ ተቆጥሮ፣ ከነስልኩ ተሰድሯል። አንድ የሽሙጥ ቃል እንኳ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ቁጥሩን ምቺ፣ እኔ እናገራለሁ» ብቻ ነው ያሉኝ።

የሳቸው እንግሊዝኛ እንደ ደብዳቤያቸው ነው። «እንደምን አደሩ። በቁጥር ይህን ያህል በቀን ይህን ያህል ለጻፉልን ማመልከቻ...» ብለው ጀምረው፣ ወደ ጉዳዩ ሳይደርሱ ሁለት ሰዎች ዘጉባቸው። ሦስተኛዋ የናይሮቢ ሴትዮ ነበረች። ጨርሳ ሰማቻቸውና፣ «እናንተ ሌቦች! ትናንት በጽሑፍ፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ?» ብላ ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

ጋሽ ገብረየስ ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። «ሌባ አለችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት እስክሪብቶ ቤቴ አልገባም። ሌባ አለችኝ እኮ ቲጂ።»

አራተኛው የአክራ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ሰው። «ትክክለኛው አንተ መሆንህን በምን ልወቅ?» አላቸው። ጋሽ ገብረየስ ፊታቸው በራ። ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ነው የሚመስለው። ነጭ ወረቀት አወጡ፣ ክቡን ማህተም ቀለም አስነክተው ድም አደረጉበት፣ ፈረሙ፣ እኔ ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ ላክሁለት። መልሱ በደቂቃ መጣ፦

«ትናንት የጻፈልኝም ማህተም ልኮልኛል። የሱ ይበልጥ ይነበባል።»

አነበብኩላቸው። ባላነብላቸው ይሻል ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ማህተሙን አገላብጠው አዩት፤ ክዳኑን ገጥመው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ወይዘሮ ሃረገወይን እንኳ ቁጣቸውን ትተው ውሃ ቀዱላቸው። ውሃውን ገፋ አደረጉት።

«እኔ ደንቆሮ!» አሉ በመጨረሻ ጭናቸውን መትተው። «መዝገብ ቤት ሳለሁ የሚያጠራጥር ደብዳቤ ሲመጣ ምን እናደርግ ነበር? ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ አንደውልም! ሐሰተኛ ከሆነ ስልኩም የሐሰተኛው ነዋ! ተላላኪ እንልክና መሥሪያ ቤቱን ራሱን በሩ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ይህን እኔ ነኝ ለስንት ጀማሪ ያስተማርኩት። አንዲት ግልባጭ አይቼ ሁሉንም ረሳሁት። ደውዪ! እንደገና ደውዪ!»

ሁለተኛው ዙር ሌላ ነበር። በቁጥር ምናምን የለም።

«እኔን አትመኑኝ!» ብለው ነው የሚጀምሩት። «ማንንም አትመኑ! የተላከላችሁን ሊንክ አትንኩት። ክፍል የያዛችሁበትን ዌብሳይት በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ ግቡና ድርጅቱን ራሱን ጠይቁ። አትክፈሉ። መጥታችሁ፣ አልጋውን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ተኝታችሁበት ክፈሉ!»

«አትክፈሉኝ» የሚል ሌባ ደግሞ ማን አይቶ ያውቃል? የአክራው ነጋዴ ሳቀ። ፕሮፌሰር ኦኬሎ «ጋሽ ገብረየስ፣ እንደ ሰው ሲያወሩ ዛሬ ገና ሰማሁዎት» አሉ። የናይሮቢዋ ሴትዮ ድርጅቱን ጠይቃ ራሷ መልሳ ደወለችና ይቅርታ ጠየቀች። እሳቸውም «ተገቢውን ጥርጣሬ በማሳየትዎ እናመሰግናለን» አሏት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ሦስቱን አዳረስን።

አሥራ አራተኛዋ ሚስስ ባንዳ የሚባሉ የሉሳካ ነርስ ናቸው። ስናገኛቸው፣ «እንዴ፣ ትናንትናውኑ ከፈልኩ እኮ» አሉ። ሁለት መቶ ስድሳ ዶላር። ከባንካቸው ጋር ቢነጋገሩም ገንዘቡ ሄዷል።

ወይዘሮ ሃረገወይን እንደገና ነደዱ። «የሴትዮዋን ክፍል እኔ እችላለሁ እንበል። ስሜን ግን ማን ያጥብልኛል? ገብረየስ፣ የሥጋ ዘመዴ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ግን ይበቃሃል።»

«ተገቢ ነው» አሉ ጋሽ ገብረየስ።

እኔ ያኔም ዝም አልኩ። እቤቴ ገብቼ ሀጀር ስትደውል አላነሳሁላትም።

ረቡዕ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ፊርማ የሚጠብቅ ደብተር ተከፍቷል። ለወይዘሮ ሃረገወይን የሚሄድ ደብዳቤ በእኔ እጅ ያልፋልና ፈርሜ ተረከብኩ። ጽሑፉ የጋሽ ገብረየስ ነው፦ «ጉዳዩ፦ ጥፋትን ስለማመን።» ቁጥር አለው። ማህተሙን ከመሳቢያው አውጥተው መትተውበታል። ወደ ታች አነበብኩ። «...ከላይ የተገለጸውን ጥፋት የፈጸምኩት እኔ ብቻዬን ስሆን፣ ሌላ ማንም ሠራተኛ ያላወቀውና ያልረዳኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ብቻዬን! ኮዱን ማን አነበበላቸው? «ሞልተው ይላኩት» ያላቸው ማን ነው? እሳቸው ረስተውት ነው? ጋሽ ገብረየስ የአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያን የደብዳቤ ቁጥር ከነቀኑ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው!

ደብዳቤውን ይዤ ሦስቱን እርምጃ ሄድኩና ወይዘሮ ሃረገወይን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ ውሸት ነው» አልኳቸው።

«ቲጂ!» አሉ ጋሽ ገብረየስ ከኋላዬ። «አርፈሽ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም! እትዬ፣ ነይ እዪልኝ ብለው ጠርተውኝ ነበር። አላየሁም። ይላኩት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ‹ለማንም አይስጡ› የሚለውን ኮድ ያነበብኩላቸውም እኔው ነኝ። ቀሚስ እያየሁ!»

ወይዘሮ ሃረገወይን መጀመሪያ እኔን አዩ። «አንቺ? ዲፕሎማ ያለሽው?» አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን አንስተው ጋሽ ገብረየስን አዩ። «አንተስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሐሰት መዝገብህ ሳይገባ ኖረህ፣ በስተርጅና በማህተም ትዋሽ?»

ጋሽ ገብረየስ ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔ ጡረታ አለኝ» አሉ። «እሷ ኪራይ ነው ያለባት።»

እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳሾፍባቸው፣ በየካፌው እንዴት እንደሚያትሙ እያስመሰልኩ ሰው ሳስቅባቸው፣ እሳቸው ለካ ኪራዬን ሳይቀር ያውቁታል። ወይዘሮ ሃረገወይንም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና፣

«ውጡልኝ ሁለታችሁም!» ብለው ጮኹ።

ጋሽ ገብረየስ ቀስ ብለው ፋይላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔም ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሃረገወይን። «ወደ ሥራችሁ ነው ያልኩት! እንግዳ ሊመጣ ሁለት ቀን ቀርቶት ማን አልጋ ያነጥፍልኛል? የሴትዮዋን ገንዘብ ግን ለሁለት ትከፍሏታላችሁ፤ እኩል!»

ሚስስ ባንዳን ኤርፖርት ድረስ ሄደን የተቀበልናቸው ሁለታችንም ነን። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ጋሽ ገብረየስ የደሞዝ መክፈያውን ፊቴ አድርገው፣ የተቆረጠብኝን በጣታቸው አሳይተው፣ «አንብበሽ ፈርሚ» አሉኝ። እያንዳንዷን ቃል አነበብኩ። ዕድሜዬን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ፈርሜ አላውቅም።